የወረቀቱ መንገድ፦ ነቀምቴ፣ የወለጋ ከተሞችና የአሠራር ሂደት ማሻሻያ ታሪክ

(ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ሌክቸር፤ ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ርእስ ብዙውን ጊዜ ለማኔጅመንት ትምህርት ክፍል የሚተው ነው፤ ነባር የአሠራር ሂደትን በተደራጀ ዘዴ አጥንቶ ስለ ማሻሻል። እኔ ግን ጉዳዩን ከታሪክ አንጻር ለማየት እሞክራለሁ። አንድን አሠራር ለማሻሻል የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ አሠራሩ እንዴት መጣ? ማን፣ ለምን ጀመረው? በየደረጃው ምን ይጨመርበታል፣ ምንስ ይባክንበታል? እነዚህ ከማኔጅመንት ጥያቄነታቸው በፊት የታሪክ ጥያቄዎች ናቸው።

የምከራከርበት ሐሳብ አንድ ነው። በአገራችን ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የማሻሻያ ዘዴዎች ተፈራርቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ ፍሬ ያፈራውን ካላፈራው የለየው የዘዴው ስም አይደለም፤ ነባሩ አሠራር በሚገባ ተመዝግቦና ተጠንቶ መነሣቱ ወይም አለመነሣቱ ነው። ለዚህ ማስረጃ የምፈልገው በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ነው። አካባቢው ለጥያቄው የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጽሕፈት መዝገብ ያለው፣ ከመዲናዋ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ፣ ቡናውና ወርቁ ለማዕከሉ አስፈላጊ የሆነ አገር ነው።

ሁለት ዘዴዎች፣ ሁለት መንፈሶች

አስቀድሜ ስለ ዘዴዎቹ አመጣጥ ባጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ሐመር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው አንድ መጣጥፍ አሳተመ። መልእክቱ ደፋር ነበር፤ ያረጀውን አሠራር በኮምፒዩተር ማቀላጠፍ ትርፉ ድካም ነውና አስወግዳችሁት ከመሠረቱ ጀምሩ የሚል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከጄምስ ቻምፒ ጋር ሐሳቡን በመጽሐፍ አስፋፋው። እኛ "መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ"፣ በአጭሩ ቢፒአር፣ ብለን የተቀበልነው ይህንን ነው።

ሁለተኛው መንፈስ ከጃፓን የመጣው ካይዘን ነው። ማሳኪ ኢማይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ አስተሳሰብ ነባሩን ሥራ አያፈርስም፤ ሠራተኛው ራሱ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እንዲያርመው ያደርጋል። አንዱ ዘዴ ቤቱን አፍርሶ ይሠራል፤ ሌላው በየክረምቱ ጣሪያውን ይጠግናል።

ነገር ግን ልዩነቱ እንደሚወራው የሰፋ አይደለም። ሐመር በዚያ መጣጥፉ የጠቀሰው ታዋቂ ምሳሌ የፎርድ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ነው። በሰሜን አሜሪካ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽመው ይህ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ ማዝዳ ተመሳሳዩን ሥራ በአምስት ሰው ያከናውን ነበር። ፎርድ አሠራሩን ለውጦ የሠራተኛውን ቁጥር በሦስት አራተኛ ቀነሰ። ይህ ውጤት በየሥልጠናው ተነግሯል። በእርግጥ ማዝዳ አነስተኛ ኩባንያ ነው፤ ሐመርም ይህን አልሸሸገም። ከውጤቱ በፊት የተደረገው ግን ብዙ አይነገርም። የፎርድ ሰዎች አስቀድመው ነባሩን ሥራ መረመሩ፤ የሠራተኛው አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው የግዥ ትእዛዙ፣ የዕቃ መረከቢያውና የአቅራቢው የክፍያ መጠየቂያ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ እነዚህን በማስታረቅ እንደሆነ ደረሱበት። ስለዚህ የክፍያ መጠየቂያውን ከሂደቱ አወጡት። ያፈረሱት በሚገባ ያወቁትን ነበር።

ከዘዴው በፊት፦ የነቀምቴ መዝገብ

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። ከሞረዳ በከሬ ሥልጣኑን የተረከቡት ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ለቃ ነቀምቴን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ጋር የተለዋወጧቸው ደብዳቤዎችና የግብር መዝገቦች በብዛት ተጠብቀው ቆይተዋል። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያሉትን ሰነዶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል አሳትመዋቸዋል።

የታሪክ ተማሪዎች እነዚህን ሰነዶች የምናነባቸው በአብዛኛው ስለ ፖለቲካው ነው፤ ለቃ ነቀምቴ ለማዕከሉ እንዴት ገበረች፣ የውስጥ አስተዳደሯንስ እስከ ምን ድረስ ጠበቀች በማለት። በሌላ ዓይን ስናያቸው ግን የአሠራር ሂደት ሰነዶችም ናቸው። ወርቁ ከማን ተሰበሰበ? በማን እጅ ተላከ? መድረሱ በምን ተረጋገጠ? ቅሬታ ሲነሣ ለማን ተጻፈ? ደብዳቤው በመልእክተኛ እጅ ለቀናት ተጉዞ ይደርሳል፤ መልሱም እንዲሁ። በዚህ አዝጋሚ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ማኅተም ተግባር ነበረው፤ ላኪና ተቀባይ ፊት ለፊት በማይገናኙበት አገር የመተማመኛ ምልክት ነበርና።

ይህን የማነሣው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም። ያ ሥርዓት በገበሬው ትከሻ ላይ የቆመ የግብር ሥርዓት ነበር። የምለው፣ ዛሬ በጽሕፈት ቤቶቻችን "ትርፍ እርምጃ" የምንላቸው ፊርማዎችና ማኅተሞች በአንድ ወቅት አንድን እውነተኛ ችግር ለመፍታት የገቡ መሆናቸውን ነው። ችግሩ ዛሬም ካለ ማኅተሙ ሲነሣ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ችግሩ ከሌለ ማኅተሙ ሸክም ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን በጥናት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በዚህ መሠረት ላይ ደረጃ በደረጃ ጨመሩበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ደርግ ደግሞ ቀበሌንና የገበሬ ማኅበርን አመጣ። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ቅጽ አመጣ፤ የቀደመውን ቅጽ ግን ሙሉ በሙሉ አላነሣም። በ1984 ዓ.ም. በኦሮሚያ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ፊደል የሥራ ቋንቋ ሲሆን፣ ባለጉዳዩ በቋንቋው የመገልገል መብት አገኘ፤ ይህ ምንም ዓይነት የሂደት ጥናት ሊያስገኘው የማይችለው ትልቅ መሻሻል ነው። ከመዝገብ አንጻር ግን አንድ ሥራ ጥሎ አለፈ። አዲሱ ፋይል በቁቤ ይከፈታል፤ የቀድሞው የመሬት፣ የጡረታና የፍርድ ፋይል በግዕዝ ፊደል በአማርኛ ተጽፎ ከጀርባው ተደርድሯል። የወለጋን አሠራር ማጥናት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማንበብ ይኖርበታል።

ቢፒአር ወደ ወለጋ

የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ሲነደፍ አምስት ንዑሳን ፕሮግራሞች ነበሩት፤ የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓትና ሥነ ምግባር። በ1993 ዓ.ም. የአገልግሎት አሰጣጥ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1994 ዓ.ም. የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ቢፒአር የማሻሻያው ዋና መሣሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ ቀጥሎም በክልሎች።

ዘዴው በወረቀት ላይ ሲታይ ሥርዓት ያለው ነው። የጥናት ቡድን ይቋቋማል። ቡድኑ ነባሩን ሂደት ከባለጉዳዩ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ውሳኔ ድረስ ይስለዋል፤ በየእርምጃው የሚወስደውን ጊዜና የሚነካውን እጅ ይቆጥራል። ከዚያ ሂደቱን የተሸከሙትን ልማዳዊ እሳቤዎች ይፈትሻል፤ "ይህን የግድ ኃላፊ መፈረም አለበትን?" እያለ። በመጨረሻ አዲሱን ሂደት ነድፎ በሙከራ ያረጋግጣል። መምሪያና ክፍል የሚባለው አደረጃጀት ፈርሶ "ዋና የሥራ ሂደት"፣ "ደጋፊ የሥራ ሂደት"፣ "የሥራ ሂደት ባለቤት" የሚሉ ስሞች መጡ። ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህ ቃላት ዛሬም በየበሩ ላይ ተለጥፈው ታገኟቸዋላችሁ፤ ዘመኑ ጥሎልን የሄደው ቅሪት ናቸው።

የተገኘው ጥቅም መካድ የለበትም። ቀድሞ ባለጉዳይ በአምስት ጠረጴዛ ይዞር የነበረበት ሥራ በአንድ ባለሙያ እጅ እንዲያልቅ ተደርጓል። አገልግሎቱ የሚወስደው ጊዜና የሚጠይቀው ሰነድ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ መታየቱ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ባለጉዳዩ "ነገ ና" ሲባል ጣቱን ወደ ግድግዳው የሚቀስርበት ማስረጃ አገኘ።

ችግሩ የገባው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የጥናቱ አቅጣጫ ነው። በክልል ደረጃ የተጠናው ሰነድ ወደ ዞንና ወረዳ ወርዶ ይተገበር ነበር። ወለጋ በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአራት ዞኖች ተከፍሎ የምናገኘው ነው፤ ምሥራቅ ወለጋ በነቀምቴ፣ ምዕራብ ወለጋ በጊምቢ፣ ቄለም ወለጋ በደምቢ ዶሎ፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በሻምቡ ይመራሉ። በነቀምቴ ዋና መንገድ ላይ ያለ ጽሕፈት ቤትና ክረምት ሲገባ መንገዱ የሚቆረጥበት የቆላ ወረዳ ጽሕፈት ቤት አንድ ዓይነት ሂደት ሊኖራቸው ይችላል? ለአንደኛው ባለጉዳይ የሚባክነው ጊዜ በቢሮ ውስጥ ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ። በቢሮ ውስጥ ያለውን ጊዜ ብቻ የሚለካ ጥናት ሁለተኛውን ባለጉዳይ አያየውም። የአንድ ፊርማ ጉዳይ በሠላሳ ደቂቃ አለቀ ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ፣ ባለጉዳዩ ለዚያች ሠላሳ ደቂቃ ሁለት ቀን ተጉዞ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ድልድሉ ነው። አዲሱ አደረጃጀት ሲጸድቅ ሠራተኛው እንደ አዲስ ተወዳድሮ ይደለደል ነበር። ስለዚህ በሠራተኛው አእምሮ ቢፒአርና ድልድል አንድ ሆኑ፤ ጥናቱ ሥራውን የሚያቀልለት ሳይሆን እንጀራውን የሚነካበት መሰለው። ነባሩን ሂደት ከማንም በላይ የሚያውቀው ግን ይኸው ሠራተኛ ነው። የትኛው መዝገብ የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቅጽ ለምን እንደተጨመረ የሚነግር እርሱ ነው። ሥጋት ያደረበት ሰው ደግሞ እውቀቱን አይሰጥም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የጸደቀው ሂደት በብዙ ቦታ በቃል ብቻ አዲስ ሆኖ በተግባር ወደ ነበረበት ተመለሰ።

መድኃኒቱና ቡናው

ሐሳቡን በሁለት ምሳሌዎች ላጽናው፤ ሁለቱም ወለጋን የነኩ ናቸው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ቀድሞ ለልዩ ልዩ የጤና ፕሮግራሞች የሚመጡ መድኃኒቶች በየራሳቸው መስመር ይጓዙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በየአካባቢው ቅርንጫፎችን ከፈተ፤ ነቀምቴም ከቅርንጫፎቹ አንዷ ሆነች። ቀጥሎ የመጣው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መስመሮቹን ወደ አንድ ሰበሰበ። አዲሱ ሂደት የቆመው በትንሽ ነገር ላይ ነው፤ በመጋዘን መደርደሪያ ላይ በሚንጠለጠለው የክምችት ካርድ። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ ምን እንደተጠቀመና ምን እንደቀረው ከዚያ ካርድ ላይ አውጥቶ ይልካል፤ የሚሞላለት መጠን የሚሰላው ከዚሁ ነው። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር፣ ዝቅተኛው የሁለት ወር፤ የሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል።

ይህ ንድፍ ዘመኑን ሁሉ እንከን የለሽ ሆኖ ሠርቷል አልልም፤ የመድኃኒት እጥረት ዛሬም የምናውቀው ነው። ነገር ግን የሐሳቡን ውበት ተመልከቱ። ውሳኔው የሚመነጨው ከላይ ከወጣ ኮታ ሳይሆን ከታች ከተመዘገበ ፍጆታ ነው። ካርዱ በትክክል በተሞላበት ሥርዓቱ ይሠራል፤ ባልተሞላበት ደግሞ የቱንም ያህል ዘመናዊ ሶፍትዌር ቢጫንበት የተሳሳተውን ቁጥር በፍጥነት ከማስተላለፍ አያልፍም። በአንዲት የገጠር ጤና ጣቢያ የሚገኝ የፋርማሲ ባለሙያ እስክሪብቶ የአገር አቀፍ ሥርዓት መሠረት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቡና ነው። በዓለም ገበያ "ለቀምቲ" በሚል የከተማዋ አሮጌ አጠራር የሚታወቀው የወለጋ ቡና ቀድሞ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይጓዝና በዚያ ተቀምሶ፣ ደረጃ ተሰጥቶት በጨረታ ይሸጥ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡናን አስገባ። ይህ በቢፒአር ስም የተሠራ አልነበረም፤ በመንፈሱ ግን ከማንኛውም የቢሮ ጥናት ይልቅ ለሐመር ሐሳብ የቀረበ ነበር። ሂደቱ ከመሠረቱ ተለወጠ። ቡናው ጊምቢን በመሰሉ የምርት አካባቢ ከተሞች ባሉ መጋዘኖች ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል፤ አቅራቢው የመጋዘን ደረሰኝ ይይዛል፤ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው፤ ክፍያውም በማግሥቱ ይደርሰዋል። ገንዘቡን ለማግኘት ሳምንታት ይጠብቅ ለነበረ ነጋዴ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

የጠፋ ነገር ግን ነበር። ተመሳሳይ አካባቢና ደረጃ ያለው ቡና በአንድ ላይ ሲደባለቅ፣ ይህ ከረጢት ከየትኛው ቀበሌና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ የሚነግረው ክር ተበጠሰ። ለሂደቱ ነዳፊዎች የቡናው ትውልድ መንደር ትርፍ መረጃ መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ለልዩ ጣዕም ቡና ገዢዎች ግን ዋናው ሸቀጥ እርሱ ነበር። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ በመፈቀዱ አንድ በር ክፍት ሆኖ ቆይቷል። የቀረውን ለመጠገን የመከታተያ ሥርዓት መጨመር፣ በመጨረሻም በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ በሩን ሰፋ አድርጎ መክፈት አስፈለገ። በአሮጌው አሠራር ውስጥ ማንም ዋጋ ያልሰጠው ነገር ዋጋ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ሁለቱን ምሳሌዎች አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጣቸው። የመድኃኒቱ ንድፍ ከነባሩ ሥራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካርድ መርጦ አዲሱን በእርሷ ላይ ገነባ። የቡናው ንድፍ ብዙ ቀናትን ቆጠበ፤ ነገር ግን የቡናውን የትውልድ ታሪክ ከቆሻሻው ጋር ጠረገው።

ካይዘን፦ ከሠራተኛው መነሣት

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በዮኮሃማ ከተካሄደው አራተኛው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን የካይዘንን ልምድ እንድታካፍል ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ ሙከራው ተጀመረ፤ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 30 ድርጅቶች ተመረጡ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። "አምስቱ ማዎች" ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ በየፋብሪካው፣ በየኮሌጁና በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተጻፉ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ማጣራት ነው፤ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት። ይህ ያለ ነባሩ ሠራተኛ አይሠራም። በመዝገብ ቤት ውስጥ የተከመረውን ፋይል አቧራውን አራግፎ "ይህ ያስፈልጋል፣ ይህ አያስፈልግም" የሚል ሰው የፋይሉን ታሪክ የሚያውቅ መሆን አለበት። በወለጋ ከተሞች ደግሞ ይህ ማጣራት ከሌላው ቦታ የከበደ ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን የቀድሞ ፋይል ወጣቱ ሠራተኛ ማንበብ ካልቻለ "አያስፈልግም" ከሚባለው ክምር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አብሮትም የአንድ ቤተሰብ የይዞታ ማስረጃ። ስለዚህ አንጋፋው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ከወጣቱ ጋር ተቀምጦ ማጣራት ይኖርበታል። ካይዘን በእኔ አስተያየት ከቢፒአር የተሻለበት ነጥብ ይህ ነው፤ የአዋቂውን አፍ ይከፍታል። ድክመቱ ደግሞ አምስተኛው ማ ነው። ማዝለቅ ዘመቻ አይወድም፤ እኛ ደግሞ ዘመቻ እንወዳለን።

ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ

አሁን ያለንበት ምዕራፍ የዲጂታል አገልግሎት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ "መሶብ" የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል፤ ወደ ክልሎችም እየሰፋ ነው። ሐመር ያስጠነቀቀው አደጋ ፊታችን ላይ ነው፤ ያልተጠና አሠራርን በኮምፒዩተር ላይ መጫን። ለወለጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔትና ስልክ ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጠው ነበር። የአካባቢው ግጭትም ብዙ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ከቀዬው የተነሣ ሰው ማንነቱንና ይዞታውን የሚመሰክርለት ወረቀት በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ተስፋው በመዝገብ ቤት የቀረው ቅጂ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሂደት የሚነድፍ ሰው "መስመሩ ሲቋረጥ ባለጉዳዩ ምን ያደርጋል?" የሚለውን ጥያቄ በንድፉ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ አለበት። የመልእክተኛው ዘመን ሰዎች ይህን ጥያቄ ያውቁት ነበር፤ የማኅተሙ ትርጉምም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ የምንወስደው ለእናንተ ለተማሪዎች የቀረበ ሥራ ነው። አብዛኞቻችሁ ነገ በወረዳ፣ በዞን ወይም በከተማ አስተዳደር ትቀጠራላችሁ። አዲስ የማሻሻያ ዘዴ፣ አዲስ ስም ይዞ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ከሥልጠናው አዳራሽ በፊት ወደ መዝገብ ቤቱ ግቡ። አንድ ፋይል አንሡና ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ፊርማ ተከተሉት። አንድ ባለጉዳይ ከቤቱ ተነሥቶ እስኪመለስ ምን ያህል እንደወጣበት ጠይቁት፤ የቢሮውን ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። ረጅም ዘመን ያገለገለውን ሠራተኛ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱ ቅጽ ለምን እንደገባ አስጽፉት። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉም ከዚህ የተሻለ ርእስ አላውቅም፤ የአንድ ጽሕፈት ቤት የአንድ አሠራር የሠላሳ ዓመት ታሪክ።

የኩምሳ ሞረዳ መዝገብ ለእኛ የደረሰው አንድ ቤት ወረቀቱን ስላልጣለ ነው። ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን የሚያጠና ሰው ሪፖርታችንን በብዛት እንደሚያገኝ አልጠራጠርም። ሥራው በእውነት እንዴት ይሠራ እንደነበረ የሚነግረው ወረቀት ግን የሚኖረው ዛሬ የምንጽፈው ከሆነ ብቻ ነው።